ከእኔ ቀድሞ የገባ ሙክት

ደጅ መጥናት ሥራ አይደለም የሚል ሰው ካለ ጎባ ይምጣና ተረከዜን ይይልኝ። አሥር ወር ሙሉ ከጌታው ግቢ በር ፊት ቆሜ የተሰነጣጠቀው እስካሁን አልገጠመም። ቅቤ ብቀባው፣ ለብ ባለ ውኃ ብዘፈዝፈው፣ ወይ ፍንክች! አንዳንዴ ቁጭ ብዬ ሳየው፣ እሱ ይቅር ይበለኝና፣ «ይህን ሁሉ የቆምኩት ቅዳሴ ላይ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስንተኛው ማዕረግ ላይ በደረስኩ ነበር» እላለሁ።

አመጣጤ ከጎጃም ነው። ወንድሜ ተሰማ ከአንድ የሸዋ ጌታ ጭፍራ ገብቶ ባሌ ድረስ ዘመተና፣ ጦሩ ጎባ ላይ ሲሰፍር «እህቴ፣ አገሩ ሰፊ ነው፤ ገብሱ ቆሞ ሰው ይውጣል፤ ነይ» ብሎ ላከብኝ። ባሌን ቀብሬ ዓመቱን ካወጣሁ ገና ወር እንኳ አልሞላኝም ነበርና እሺ አልኩ። ዓባይን ተሻግሬ፣ ስንቱን በረሃና ስንቱን ዳገት አልፌ መጣሁ። ገብሱ እውነትም ሰው ይውጣል። ብርዱም ሰው ይውጣል፤ እሱን ግን ወንድሜ አልላከብኝም።

ገና እግሬን ሳላሳርፍ፣ በኅዳር መባቻ፣ ተሰማን ወደ ደሎ መና ቆላ ለጥበቃ አዘዙት። ቆላው ንዳድ አለበት፣ ሴት አይከተልም ተባለ። እሱም እኔን ከባልንጀራው ከጋሼ ወልዴ ጎጆ አስቀምጦኝ ወረደ። ጋሼ ወልዴ ራሱ እዚያ የለም፤ ሙሽራ ሊያመጣ ሸዋ ወጥቷል። በነጋዴ የላከው ቃል አጭር ነበር፦ «እስከ መስቀል ተቀመጪ። በመስቀል ማግስት ሙሽራዬን ይዤ እገባለሁ።»

እንግዲህ አስቡት። አንድ ጎጆ፣ አንድ መደብ፣ ሁለት ሙሽሮች፣ እኔና መዝሙረ ዳዊቴ። ከመስቀል በፊት የራሴ ጣሪያ ካላገኘሁ ያለኝ ምርጫ፣ ነጋዴ ተከትዬ ያንን ሁሉ መንገድ ብቻዬን መመለስ ነው። በጦር ሰፈር ደግሞ ለብቸኛ ሴት ጣሪያ የሚገኘው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ባል ማግባት ነው፤ እኔ አግብቼ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው፣ ደግ ሰው ነበር፣ አንድ ግን ይበቃል። ሁለተኛው በጌታው ግቢ ማድ ቤት ሥራ መግባት ነው። ማድ ቤት የገባች ሴት ጎጆ ይሰጣታል፣ ድርጎ ይቆረጥላታል፣ ማንም ቀና ብሎ አያያትም።

ሙያ እንደሆን አለኝ። በጾም ወጥ የሚያህለኝ የለም። የእኔን ስልጆ የቀመሱ አንድ ቄስ፣ ሁዳዴ አልቆ ፋሲካ ሲደርስ አዘኑ ይባላል። የሚሉት እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ እኔ አልጨመርኩበትም። በዚያ ላይ አባቴ መሪጌታ ስለነበሩ ዳዊት ከማስደገም አልፈው ባሕረ ሐሳብ አስተምረውኛል። ጾሙንና በዓሉን፣ መባጃ ሐመሩን ሁሉ በጣቴ አወጣለሁ። ሌላው ሰው ዝም ብሎ ተነሥቶ ይሄድና በሩ ላይ ይቆማል። እኔ ግን ጠንቃቃ ነኝ። የዓመቱን ቀን ሁሉ ዘርግቼ፣ ደጅ ለመጥናት የሚሻለውን ወር ለመምረጥ ተቀመጥኩ። ጥፋቴ ከዚህ ይጀምራል።

በመጀመሪያ አዋቂ ጠየቅሁ። ከግቢው በር ፊት ለፊት፣ ከአንዲት ጽድ ሥር፣ አያ ሽብሩ የሚባሉ ሽማግሌ ወታደር ይቀመጣሉ። የበር አዋቂ ናቸው። ለሹመት የመጣውም፣ ለመሬት የመጣውም፣ ለአቤቱታ የመጣውም አስቀድሞ እሳቸውን ነው የሚያማክረው።

«ስሚ ልጄ፣» አሉኝ ጭራቸውን እያወናጨፉ፣ «ሰኞ አትምጪ፤ ጌታው የእሑዱን ግብር ገና አላወራረዱም፣ ሆዳቸው ከብዷቸዋል። ረቡዕና ዓርብ አትምጪ፤ ጾም ነው፣ ሆዳቸው ቀሏቸዋል። ቅዳሜ ችሎት ነው፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሐሙስ መልካም ነበር፣ ነገር ግን ሐሙስ ሁሉም ይመጣል።»

«ታዲያ ማክሰኞ ልምጣ፣ አያ ሽብሩ?»

«ማክሰኞ በቅሏቸው እሻፈረኝ ትላለች።»

«በምን አወቁ?»

«ዘጠኝ ዓመት ደጅ ጠንቼ ነዋ!» አሉኝ ደረታቸውን ነፍተው። «እዚህ በር ላይ እኔን የሚያህል ልምድ ያለው ሰው ካገኘሽ ጢሜን ላጪኝ። ደግሞ ጌታው ሲወጡ በቀኝ አትቁሚ፣ ፀሐይ ዓይናቸው ውስጥ ይገባል። በቅሎዋ ስትዞር ሳል በይ። አንዴ ብቻ። ሁለቴ ከሳልሽ በሽተኛ ናት ይሉሻል። ባዶ እጅሽንም እንዳትመጪ፤ ሙክት ያዢ።»

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ለምን ገና ከበሩ ውጭ እንደተቀመጠ መጠየቅ ለእኔ አልታየኝም። እግዚአብሔር ሲቀጣ አስቀድሞ ጥያቄን ያስረሳል መሰለኝ።

ሙክቱን ከጎረቤቴ ከአደ ዘይነባ ወሰድኩ። አደ ዘይነባ የአገሩ ሰው፣ እስላም፣ ቅቤና ወተት ሮቤ ገበያ የምታወርድ፣ ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነች፣ ልቧ ግን ቅቤ የሆነች ሴት ናት። አማርኛዋን ከወታደር የተማረችው ስለሆነ ስትለምንም የምታዝ ትመስላለች። ጎጃም ሳለሁ ክረምቱን የፈተልኩትን ጋቢ ሰጠኋት፤ እሷም ከበጎቿ መካከል ግራጫውን ሙክት መርጣ ገመዱን አስጨበጠችኝ።

«ውሰጂ። ይሄ ሆላ ከሰው ይሻላል፣» አለችኝ። ሆላ በእነሱ ቋንቋ በግ ማለት ነው። ወዲያው ግን እየሳቀች «ኦቦ ሆላ» አለችው፤ ኦቦ ደግሞ የሚባለው ለተከበረ ሰው ነው። ስሙ በዚያው ጸና።

ኦቦ ሆላን የተረከብኩት ኅዳር አሥራ አራት ቀን ነው። በማግስቱ የገና ጾም ገባ።

አዎ፣ ባሕረ ሐሳብ አውቃለሁ ብያለሁ። የፋሲካን ቀን ሳሰላ የነገውን ረሳሁት። በጾም ሙክት ጎትቶ ጌታ ደጅ መቆም፣ ጌታውን «ጾም ያፍርሱ» ብሎ እንደመፈታተን ነው። ስለዚህ ኦቦ ሆላን ጾሙ እስኪፈታ ልቀልበው ሆነ። እኔ በቀን አንዴ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ጥሬ እቆረጥማለሁ፤ እሱ ከማለዳ ጀምሮ ገብስ ይበላል። ዓይኔን እያየ ነው የሚያላምጠው።

ገና ደረሰ። ልነሣ ስል አያ ሽብሩ ከለከሉኝ፤ «ሰዉ ሁሉ ገና ጨዋታ ላይ ነው፤ ጌታው ራሳቸው ቅልጥማቸውን ተመትተዋል፤ በዚህ ስሜት ሹመት ቀርቶ ሰላምታም አይሰጡ። ጥምቀትን አሳልፊ።» አሳለፍኩ። በጥር አሥራ ሁለት ነጭ ለብሼ፣ ኦቦ ሆላን አጥቤ፣ በሩ ላይ ደረስኩ። የበሩ አጋፋሪ በላቸው ይባላል። ረጅም፣ ጢማም፣ ከሰው ራስ በላይ አሻግሮ የሚያይ ሰው ነው። ደጅ ጠኚውን ሁሉ እንደ አጥር እንጨት ነው የሚያየው።

«ጌታው ማልደው አደን ወጥተዋል፣» አለኝ ሰማዩን እያየ።

«መቼ ይመለሳሉ፣ ጌታዬ?»

«አውሬው ሲገኝ።»

ከዚያ ዝቅ ብሎ ኦቦ ሆላን አየው። «ሸጋ በግ ነው፣» አለ።

አውሬው የተገኘው ነነዌ ሊገባ ሲል ነው። ከነነዌ በኋላ ደግሞ ሁዳዴ። ያኔ ግን አንድ ሐሳብ መጣልኝና ራሴን ደበደብኩ፤ «አንቺ ጅል! ሁዳዴ የአንቺ ወር አይደለም ወይ? የጾም ወጥ ሠሪ በሁዳዴ ካልተፈለገች መቼ ልትፈለግ ነው?» ኦቦ ሆላን ከቤት አስቀርቼ ባቄላዬን ፈጭቼ፣ ሰናፍጬን ወቅጬ፣ ስልጆ ጣልኩ። በደንብ ሲመጣጠን በማሰሮ ይዤ ሄድኩ።

«ምንድን ነው?» አለ አጋፋሪ በላቸው አፍንጫውን አስገብቶ።

«ስልጆ ነው። ለእመቤቲቱ። ሙያዬን ይዩልኝ ብዬ ነው።»

«አደርሳለሁ።»

በሦስተኛው ቀን ስመለስ «እመቤቲቱ ወደዱት። ጨምሪ ብለዋል» አለኝ። በደስታ አለቀስኩ። ጨመርኩ። በሳምንቱ እንደገና ጨምሪ ተባልኩ። እንዲህ እየተባለ እስከ ደብረ ዘይት ድረስ አራት ማሰሮ አስገባሁ። አራተኛውን ማሰሮ ሳስረክብ ግን «ስሜን ጠየቁ ወይ?» ብዬ ቀና ስል፣ አጋፋሪው ጢም ላይ የሰናፍጭ ፍሬ ተለጥፎ አየሁ። ሁዳዴ ነው፤ በሁዳዴ ሰው አይሰደብም። የዋጥኩትን ስድብ ግን የደብሩ ቄሶች ተሰብስበው ቢፈቱት እንኳ አያልቅም።

ፋሲካ! በፋሲካ ማግስት ሰኞ ኦቦ ሆላን ይዤ ስወጣ፣ አገሩ ሁሉ የእኔን ቀን መቁጠሪያ የሰረቀኝ መሰለኝ። የግቢው በር ሮቤ ገበያ ሆኗል። ደጅ ጠኚው ሁሉ በየእጁ በግ ይዟል። በጉ ይጮኻል፣ ባለ በጉ ይጮኻል፣ አጋፋሪው ከሁሉ በላይ ይጮኻል፤ «ኧረ በግ በቃን! በግ ያልያዘ ሰው ካለ ይምጣ!» እዚያ መካከል በግ ያልያዘ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ አያ ሽብሩ። እሳቸው ደግሞ ሰኞ አይገቡም።

«ግድ የለም፣» አልኩ፣ «ግንቦት ይሻላል። በእኛ አገር በግንቦት መንገዱ ደረቅ ነው፣ ጌታ ሁሉ ደጁ ላይ ተቀምጦ አቤቱታ ይሰማል።» በእኛ አገር! በባሌ ደጋ ግን ግንቦት ላይ ሰማዩ ተቀዶ ይወርዳል። ጭጋጉ ከተራራው ወርዶ በሩንም፣ አጋፋሪውንም ሰወራቸው። ሲናና ሜዳ ላይ ሰዉ ያርሳል፤ ጌታው ጭቃውን ሸሽተው ወደ ቆላ ወርደዋል። እኔ ከነበጌ ጉልበቴ ድረስ ጭቃ ውስጥ ገብቼ ስመለስ አደ ዘይነባ ከደጃፏ ሆና አየችኝ።

«አካም ቡልቴ፣ ጎጃሜዋ! ከየት ነው?»

«ከደጅ ጥናት። ይሄ ዝናብ ምን ሆኗል? ክረምት እኮ በሰኔ ነው የሚገባው!»

«ማን አለ?»

«መጽሐፉ።»

ሳቋ ከጉሮሮዋ ሳይሆን ከሆዷ ነው የሚወጣው። «ያ ረቢ! መጽሐፍሽ የእኛን ዝናብ ጠይቋል? እዚህ በዓመት ሁለቴ ይዘንባል፣ ሁለቴ ይታጨዳል። አንቺ ጎጃም ሆነሽ ትቆጥሪያለሽ፣ እዚህ ሆነሽ ትበሰብሻለሽ። ኮቱ፣ ግቢ፣ እሳት ሙቂ። እሱንም አስገቢው፣ ኦቦ ሆላ ብርድ ይመታዋል።»

ለበጉ ነው ያዘነችው። በእርግጥ እሱም የሚታዘንለት ዓይነት ሆኗል። እኔ ሁለት መቀነት ያህል ከስቻለሁ፤ እሱ ግን ላቱ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። ጎረቤቱ ሁሉ ያውቀዋል። እኔን ሲያዩኝ «በጉ ደኅና ነው?» ይሉኛል።

ቀሪውን አላንዛዛም። የሐዋርያት ጾም መጣ፣ ከዚያ ክረምቱ፣ ከዚያ ፍልሰታ። ፍልሰታ ሲፈታ የእመቤቲቱ ዘመድ ሞተና ለቅሶ ሆነ። ጳጉሜን ደግሞ አያ ሽብሩ «ዓመት ሲያልቅ ማን ሰው ይቀጥራል? አዲሱን ጠብቂ» አሉ። አዲሱን ስጠብቅ «ገና መባቻ ነው፣ መስቀል ይለፍ» አሉ። ጋሼ ወልዴ በመስቀል ማግስት ይገባል! ያን ዕለት እንባዬ መጣ። የዓመቱን ቀን ሁሉ አንድ በአንድ ስጥል ስጥል፣ የቀረኝ ቀን ቢፈለግ አንድ ብቻ ሆነ፤ መስከረም አሥራ ስድስት፣ የደመራ ዕለት። እሱም ቢሆን ለደጅ ጥናት የማይሆን ቀን መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ግቢው በድግስ ተተራምሷል፣ ሰው ሰው አያይም።

ቢሆንም ሄድኩ። ነጭ አልለበስኩም። ጸጉሬን አልተሠራሁም። ልብሴን አስሬ፣ ዳዊቴን ብብቴ ሥር ሸጉጬ፣ ነገ ነጋዴ ልከተል ቆርጬ፣ «ቢያንስ በጉን እጅ መንሻ ሰጥቼ ልሂድ» ብዬ ነው የሄድኩት።

በሩ ላይ ስደርስ የሲናና ሰዎች ለድግሱ የሚሆን በግ እየነዱ ይገባሉ። አጋፋሪ በላቸው ሰዉን በዱላ ይመልሳል፣ በጉን ያሳልፋል። ኦቦ ሆላ አሥር ወር ሙሉ ከመንጋ ተቀላቅሎ አያውቅም። መንጋውን ሲያይ አንድ ጊዜ ባ አለ፤ አሥር ወር ያኘከው ገመድ እጄ ላይ ቀረና እሱ ከነላቱ በሩን አልፎ ገባ!

ከእኔ ቀድሞ! በእኔ ገብስ!

ምን እንዳደረግሁ አላውቅም። «ሃይ! ሃይ!» እያልኩ ከኋላው ተወነጨፍኩ። ነጂ መሰልኩት መሰለኝ፣ አጋፋሪው ዱላውን እንኳ አላነሣም። አሥር ወር የተዘጋብኝ በር በአሥር እርምጃ አለቀ።

በጎቹ ወደ ማድ ቤቱ ጓሮ ዞሩ፤ እኔም ዞርኩ። እዚያ ጢሱ፣ ጩኸቱ፣ የድስቱ ብዛት! የማድ ቤቱ አዛዥ እትዬ ይመኙሻል ጭልፋ እንደ ጦር ይዘው መካከል ላይ ቆመዋል። ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ።

«ምነው አንቺ፣ እስካሁን! ከሽንኩርቱ ላይ ተቀመጪ!»

አሥር ወር ሙሉ ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ። ከአባቴ ስም ይጀምራል፣ በስልጆ ያልፋል፣ በእመቤታችን ያልቃል። አፌን ከፈትኩ፤ «እኔ እንኳ የመጣሁት፣ እትዬ፣ በጉን...»

«በጉ የወንዶቹ ነው! ሽንኩርት አልኩሽ!»

ተቀመጥኩ። ቢላዋ ያዝኩ። ገና ሁለተኛዋን ስልጥ አንዱ አራጅ ጮኸ፤ «ይሄ ግራጫ ወደ ሽንኩርቷ ሴትዮ ካልሄድኩ ይላል። በጉ ያንቺ ነው እንዴ? እጅ መንሻ ከሆነ ይዘሽ ውጪና በር ላይ ተራሽን ጠብቂ።»

በር ላይ! ተራዬን! ኦቦ ሆላን አየሁት። አየኝ።

«ኧረ እኔ አላውቀውም፣» አልኩ።

ባ! አለ።

ጥቂት ቆይቶ አጋፋሪ በላቸው ራሱ ገባ። ሻሼን ወደ ግንባሬ ጎተት አደረግሁ። እሱ ግን በእኔ ላይ አሻግሮ በጉን ሲያይ ፊቱ በራ። «ይሄን በግ አውቀዋለሁ! የበር በግ ነው! ዓመቱን ሙሉ እዚያ ይቆማል። የሚይዘው ሰው የት ሄደ?» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ «አይተሻል፣ እህቴ?»

አራት ማሰሮ ስልጆ አብልቼዋለሁ።

«አላየሁም፣» አልኩ ሽንኩርቴን እያየሁ።

«ምስኪን! ተስፋ ቆርጦ ሄዶ ይሆናላ፣» ብሎ ከልቡ አዘነልኝ። ኦቦ ሆላ አሁንም ባ አለ።

በሦስተኛው እትዬ ይመኙሻል መጡ። «እንዲህ ያለ ላት በዕድሜዬ አላየሁም! ማን ነው የቀለበው? ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም፣ እትዬ።»

ያን ጊዜ ዶሮ አልጮኸም። የግቢው ዶሮ ሁሉ ወጥ ሆኖ ነበር። እኔ ግን ሻሽ አፌ ላይ ጭኜ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ሽንኩርት ስለምልጥ ማንም ምን ሆንሽ አላለኝም፤ እንዲያውም እትዬ ይመኙሻል «ሽንኩርት እንዲህ ቀርቦ የሚልጥ ሰው ነው የምወድ» አሉ።

የመስቀል ዕለት የኦቦ ሆላን ወጥ የሠራሁት እኔው ነኝ። ጌታው ቀምሰው «ይህ በግ ከየት ነው?» ቢሉ «ከሲናና» ተባለ፤ አንድ የሲናና ሽማግሌ ግራ እየገባቸው ኩታ ተሸለሙ። ደግ አደረጉ፤ በጉ የአገራቸው ነው። አመሻሹ ላይ እትዬ ይመኙሻል ድንገት ትክ ብለው አዩኝና «ለመሆኑ አንቺን ማን ላከሽ?» አሉኝ።

«እግዚአብሔር፣» አልኩ፤ ሌላ የላከኝ ሰው ስለሌለ።

«እሱማ ሁላችንንም ልኮናል። ከጎተራው ጀርባ አንድ ባዶ ጎጆ አለ፤ ጣሪያው ያፈሳል። ነገ ማልደሽ ተነሺ።»

ጋሼ ወልዴ በመስቀል ማግስት አልመጣም። የመጣው ኅዳር ላይ ነው። የሙሽራዋ ቤተ ሰቦችም ለመንገድ የሚሻለውን ወር ሲመርጡ ቆዩ አሉ።

በግ መካዴን ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ሰሙኝና «ሥጋው ጥሩ ነበር?» አሉ። «ይባላል አባቴ፤ እኔ አልቀመስኩም» አልኩ። «ስለምን?» ሲሉኝ ነጠላዬን ወደ ዓይኔ ሳብኩ። አርባ ስግደት ሰጡኝ። ሰገድኩ። ከበድ ያለ ቀኖና ቢሰጡኝ ደስ ባለኝ ነበር።

በዘንድሮው መስቀል ዋዜማ ግን ጉድ መጣ። ማለዳ በአጥሩ ቀዳዳ ባይ፣ በሩ ፊት ሴቱ ሁሉ በየእጁ ሙክት ይዞ ተሰልፏል። አያ ሽብሩ ከጽዱ ሥር ጭራቸውን ያወናጭፋሉ፤ «አንዲት ጎጃሜ ነበረች፣ በእኔ ምክር የገባች! ቀኑ የደመራ ዕለት ነው፤ ሌላ ቀን እንዳትመጡ። ገመዱን ላላ አድርጉ!» አጋፋሪ በላቸው ደግሞ ካለፈው ተምሮ ዘንድሮ በሩን በበጉም ላይ ዘግቶታል።

ከሰልፉ መጨረሻ ማቅ የለበሰች አንዲት ሴት አየችኝና ወደ አጥሩ ቀረበች። በጓን በሁለት እጇ ታቅፋዋለች። «እትዬ፣ እባክዎ ይንገሩኝ፣ ለመግባት የሚሻለው መቼ ነው? በየትኛው ወር ልምጣ?»

የዓመቱ ጾምና በዓል፣ ሁለቱም ክረምት፣ ሰኞና ማክሰኞው ሁሉ ባንድ ጊዜ ምላሴ ላይ መጣ። ዋጥኩት። ከማድ ቤቱ ጀርባ ያለውን የማገዶ መግቢያ መዝጊያ ገፋ አደረግሁላት።

«አሁን፣» አልኳት። «ሽንኩርት መላጥ ታውቂያለሽ? በጉን ግን ለአደ ዘይነባ ስጪያት፤ ከወንዙ ማዶ ናት።»